ቱርሚ የወረደው የፑል ጠረጴዛ

ባለፈው ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ ወደ ጂንካ ስመለስ ከሚኒባሱ ሾፌር ጀርባ ተቀምጬ ነበር። እግሬ ሥር የማር ጀሪካን፣ ጭኔ ላይ ዘንቢል ይዣለሁ። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ስለ ድሮ የቴሌቪዥን ሥራዎቹ ይጠየቃል። ልብ ብዬ አልሰማሁትም ነበር። ድንገት፣ «አንዱ ከጊዜው የቀደመ ሥራ ነበር» አለ። «ፑል የሚጫወቱ ሴቶች ሪያሊቲ ሾው። ደቡብ ኦሞ ድረስ ወርደን ነበር። ችግሩ የአካባቢው ሰው ካሜራ አልለመደም፤ ፈርቶ ጥሎን ወጣ።» ጠያቂዋ ሳቀች። እሱም ሳቀ።

ሾፌሩን ድምፁን እንዲጨምርልኝ ለመንኩት።

«ያውቁታል እንዴ፣ እናቴ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«በደንብ አውቀዋለሁ» አልኩት።

ሰውዬው ፍሰሐ ይባላል። በዚያን ጊዜ «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ አንቱታውን ለምን እንዳነሳሁበት ስታነቡ ይገባችኋል። ማንም ፈርቶ አልወጣም። አዳራሹን ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ አስቤበት፣ ስምንት ወር ተዘጋጅቼበት።

ፑል የጀመርኩት እትዬ ዘነበች ሻይ ቤት ነው። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ያኔ ከተማው መሀል ነበር፤ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ፣ ላሞች የሚግጡበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት። አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው እየሮጠ ላሞቹን ያባርራል። ሻይ ቤቱ የሜዳው ዳር ላይ ነበር። እትዬ ዘነበች አያቷ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ጂንካ ተወልዳ ያደገች፣ የእኛን ቋንቋ አሪኛን ከእኔ እኩል የምታወራ ሴት ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ሻይ እንዳፈላ ቀጠረችኝ። በዓመቱ ከአርባ ምንጭ ያገለገለ የፑል ጠረጴዛ አስመጥታ ጓሮ ባለው ዳስ ውስጥ ተከለችው።

ጠዋት ሰው ሳይመጣ ብቻዬን መምታት ጀመርኩ። መጀመሪያ ለማወቅ ያህል ነበር። በኋላ ግን ነጩ ኳስ ከሌላው ጋር ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ ሱስ ሆነብኝ። ነጩን የት ብመታው የት እንደሚቆም ሳላሰላው ይታየኝ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ከሾፌሮቹም፣ ከመምህራኑም የሚያሸንፈኝ ጠፋ። ከኮንሶ የመጡ ሳይቀሩ ጠይቀውኝ ተጫውተው ተሸንፈው ሄደዋል።

ፑል ቤት የምትውል ሴት ስሟ ምን እንደሚሆን ለጂንካ ሰው መንገር አያስፈልግም። አባቴ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነው። ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት እንሰትና ጎደሬ፣ ጥቂትም ቡና ያለማ ነበር። ወሬው ሲደርሰው አልተቆጣኝም። አንድ ማክሰኞ መጥቶ ዳሱ ጥግ ወንበር ይዞ ግማሽ ቀን ተቀምጦ አየኝ። ሲነሣ እትዬ ዘነበችን፣ «ይህ ሒሳብ ነው፤ ትጫወት» አላት። ስለ አባቴ ሌላ አንድ ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል። አሥረኛ ክፍል ስደርስ እንዳላቋርጥ ብሎ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጧል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጎረቤት በሬ እየተዋሰ ነው ያረሰው።

ፍሰሐ የመጣው ሁለት ሺሕ ዓመተ ምሕረት ከገባ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው። ስድስት ሴቶች ከየከተማው ተመርጠው አዲስ አበባ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ አለን፤ ሲበሉም ሲጣሉም ካሜራ ይከተላቸዋል፤ በየሳምንቱ ፑል ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈችው ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። አምስቱን አግኝቷል። ስድስተኛዋን ከደቡብ ኦሞ ይፈልጋል። እኔን ገጥሞ ሦስት ጊዜ ተሸነፈና እየሳቀ መምቻውን ስቲክ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አንቺን ነው የምፈልገው» አለ። «ግን ታሪክ ያስፈልገናል። ማሸነፍ ብቻውን ታሪክ አይሆንም።»

ታሪኩ ቱርሚ፣ ቆላ ሐመሮች ዘንድ እንዲሆን ወሰነ። የእትዬ ዘነበችን ጠረጴዛ አይሱዙ ላይ ጭነን፣ በቀይ አፈር በኩል ወረድን። መንገዱ ያኔ ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር። የጂንካ ወይና ደጋ አየር ኋላ ቀርቶ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ቱርሚ ስንደርስ ጠረጴዛውን ስምንት ሰው ተሸክሞ ውኃ በሌለው የወንዝ አሸዋ ላይ፣ ግራር ሥር አስቀመጠው። አንዱ እግሩ ሲወርድ ተሰነጠቀ። አሸዋው እየዋጠው በድንጋይ ደገፉት፤ ቢሆንም ኳሶቹ ያለማንም ምት ወደ አንድ ጥግ ይንከባለሉ ነበር።

እኔን የሐመር ሴቶች የሚለብሱትን ቆዳ አለበሱኝ፤ ፀጉሬን በቅቤና በቀይ ሸክላ አሹት።

«እኔ እኮ አሪ ነኝ» አልኩት።

«ተመልካቹ አይለየውም» አለ ፍሰሐ።

«ለምን እንደራሴ አልሆንም?»

«ይህ ሙከራ ነው፣ የኔ ቆንጆ። ዋናው ሲሠራ ሁሉም ይስተካከላል።»

ቆዳውን ያከራየችን የሐመር ሴት ከግራሩ ሥር ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። በደንብ ካየችኝ በኋላ በገበያ በለመደችው አማርኛ፣ «አንቺ የራስሽ ልብስ የለም?» አለችኝ። ያን ጊዜ ቆዳውን አውልቄ በእግሬ ወደ ከተማ መመለስ ነበረብኝ። ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም፤ ማሸነፍ እንደምችል ደግሞ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር።

ከአዲስ አበባ ሶፊ የምትባል ተጫዋች አብራ መጥታለች። ታሪኩ እንዲህ ነበር፦ ሶፊ በመኪና ስታልፍ ፑል አይታ የማታውቅ የዱር ልጅ ታገኛለች፤ ስቲክ አያያዝ ታስተምራታለች። ሶፊ ከኋላዬ ቆማ የእጄን አንጓ ያዘች። «እንዲህ ነው የሚያዘው» አለች ለካሜራው። ከዚያ በጆሮዬ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔም ታዝዤ ነው» አለችኝ። እጇ እንደ እኔው አልቦት ነበር። ኳሱን ሦስት ጊዜ ስቼ እንድመታ ታዘዝኩ። ሆን ብሎ መሳት ያን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻ ፍሰሐ፣ «በቋንቋሽ የፈለግሽውን ተናገሪ፤ እኛ አማርኛውን ከሥር እንጽፋለን» አለኝ። እኔም ካሜራውን እያየሁ በአሪኛ ስለ አባቴ ተናገርኩ። በሬውን ሸጦ እንዳስተማረኝ፣ ባሸንፍ ለእሱ ጥንድ በሬ መግዛት እንደምፈልግ። ከልቤ ነበር የተናገርኩት። ካሜራ የያዘው ልጅ እንኳን ቋንቋው ሳይገባው ዓይኑን ጠረገ።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ባጨቀየበት ሰሞን፣ አንድ የአውቶቡስ ረዳት የሙከራውን ዲስክ ከአዲስ አበባ አምጥቶ ለእትዬ ዘነበች ሰጣት። እንደ ሁሉም ነገር ተባዝቶ ይሸጥ ነበር። ሳናየው ደስ አለን። ጎረቤቱን ጠራን፤ አባቴን ራሴ ሄጄ አመጣሁት። እትዬ ዘነበች ስኳር ድንችና ለውዝ ቀቀለች። ሻይ ቤቱ ሞላ።

ቆዳ ለብሼ ስታይ አንዳንዱ ሳቀ። ሶፊ እጄን ስትይዝ ሾፌሮቹ ጮኸው ሳቁ። ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ፤ ስለ በሬው፣ ስለ አባቴ። ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈው ግን እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ለማላውቀው ሰው በከብት ሊለውጠኝ ነው። ከዚህ አውጡኝ።»

አባቴ አማርኛ የሚያነበው ቀስ ብሎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነብ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። በጆሮው የእኔን ምስጋና እየሰማ፣ በዓይኑ ያንን አነበበ። ጨርሶ አነበበው። ብርጭቆውን አስቀመጠና ተነሣ።

«አባ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» አልኩት።

«ያልሽውን ሰምቻለሁ» አለ። «ግን አንቺ እዚያ ቆመሽ ነበር።»

አሪኛ የሚያውቅ ሰው ውሸቱን ለየ። የማያውቀው ግን ያነበበውን አመነ። በሳምንቱ አባቴ ስለዚሁ ነገር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተጠራ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠች የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት፣ «ከብቱን ተቀብለዋል ወይስ ገና ነው?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ ስድስት ልጅ ያሳደገ፣ የሰው ጠብ የሚያስታርቅ ሰው ነው። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። በመጨረሻ እኔ ሄጄ ሳስረዳቸው ለቀቁት፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ጸሎት ቤት ፊት ቆሞ መዝሙር መምራት አቆመ። ማንም አላስቆመውም። ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ፣ በቃ።

እኔ ያን ሰሞን አላለቀስኩም። ውስጤ የሆነ ነገር ደረቀ። ጌታ በቀልን ለእኔ ተዉት እንዳለ አውቃለሁ፤ ከሕፃንነቴ ስማረው ነው ያደግኩት። ግን ፍሰሐን ለጌታ ለመተው ፈቃደኛ አልነበርኩም። በገዛ እጄ ልበቀለው ፈለግኩ። ከቱርሚ የተመለሰው ጠረጴዛ የተሰነጠቀው እግሩ አጥሮ ነበርና፣ ፍሰሐ የሰጠኝን ስሙና ስልኩ የታተመበት ካርድ አጣጥፌ ከእግሩ ሥር ወተፍኩት። በየጠዋቱ ያንን ጠረጴዛ ተደግፌ ለሁለት ሰዓት እመታ ነበር። ቁጥሩን ግን በሌላ ወረቀት ገልብጬ ነበርና እየደወልኩ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ደኅና ነዎት? መቼ ነው የሚመጡት?» እለዋለሁ። ዲስኩን ማየቴን አልጠረጠረም። አይቶ የሚናደድ ሰው እኛ ዘንድ አለ ብሎ አላሰበም መሰለኝ።

ኅዳር ላይ መጣ። ሶፊንና ገንዘብ የሚያወጣውን ባለሀብት ይዞ ነበር፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ትንሽዬ፣ ዝምተኛ ሰውዬ። ሰውዬው ሕዝቡ ሾውን እንደሚወደው በዓይኑ አይቶ ሊፈርም ነው። የከተማው አዳራሽ ተከራየ፤ ጠረጴዛው መድረኩ ላይ ወጣ። ግጥሚያው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ እንዲሆን ጠየቅኩት። «ሰው ይበዛል» አልኩት። በሐሳቤ ተደሰተ።

«ሦስት ጨዋታ ነው» አለኝ። «የመጀመሪያውን ታሸንፊያለሽ፣ ሁለቱን ትሸነፊያለሽ። ከዚያ ትንሽ ታለቅሻለሽ። ሶፊ ታቅፍሻለች።»

«እሺ» አልኩት።

በዚያ ሳምንት ገበያውን ዞርኩት። ማንጎ ለሚሸጡት፣ አቮካዶ ለሚሸጡት፣ ከላይ ከተራራው እንሰት ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች ሁሉ፣ ቅዳሜ አዳራሽ ኑልኝ፣ የአባቴን ነገር እናገራለሁ አልኳቸው። ከዚህ ሌላ ለማንም አልነገርኩም፤ ለእትዬ ዘነበችም ጭምር። አባቴን ለመንኩት፤ አልመጣም አለ።

አዳራሹ ከነዘንቢሉ፣ ከነዶሮው ሞላ። ማንጎና ላብ ይሸታል። እኔ ጂንስ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ወጣሁ። ፍሰሐ እንድለብሰው ያመጣውን ቆዳ እየጠቆመ ፊቱን አጨማደደ፤ ባለሀብቱ ፊት መቆጣት ግን አልቻለም።

የመጀመሪያውን አሸነፍኩ። ሶፊ ጥሩ ተጫዋች ነበረች፤ ቱርሚ ላይ አላየሁባትም ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ ኳሶቹን የምበትነው እኔ ነበርኩ። በተንኩና አንዷ ገባች። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። ፍሰሐ ከመድረኩ ሥር በእጁ ምልክት ይሰጠኛል፤ አላየሁትም። ሶፊ ስቲኳን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እየተጫወትኩ ነው።»

የመጨረሻዋ ጥቁር ኳስ ስትገባ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሶፊ አንድም ጊዜ አልመታችም። ፍሰሐ ግን ብልህ ነው፤ ነገሩ እንዳይበላሽበት ማይክሮፎን ይዞ ወጣ። «አሸናፊያችን ደስታዋን በራሷ ቋንቋ ትገልጽልናለች» ብሎ ሰጠኝ። ይህን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ቱርሚም ላይ የሠራለት ይኸው ነበር።

በአሪኛ ተናገርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ምስጋና አስመስዬ።

«እናቶቼ፣ ወንድሞቼ» አልኩ። «ይህ የሚስቅላችሁ ሰው ባለፈው ዓመት ስለ አባቴ ተናገሪ አለኝ። በሬውን ሸጦ አስተምሮኛል ብዬ ተናገርኩ። እሱ ግን ከሥሩ አባቴ በከብት ሊለውጠኝ ነው ብሎ ጻፈ። አባቴ ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በዚህ ሰው ምክንያት ነው። አሁንም የምለው አይገባውም። የማመሰግነው መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ እዩት።»

ሁሉም አዩት። እውነትም ራሱን እየነቀነቀ ይስቅ ነበር።

«አትስደቡት፤ አንድ ድንጋይ አታንሡ። ስጨርስ አታጨብጭቡ። ተነሡና ዝም ብላችሁ ውጡለት።»

ማይክሮፎኑን መለስኩለት። መጀመሪያ የተነሣችው ማንጎ የምትሸጠው አሮጊት ናት፤ ዘንቢሏን ራሷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። ከዚያ የእሷ ረድፍ፣ ከዚያ ከኋላዋ ያለው። አሪኛ የማያውቁት ጎረቤታቸውን በሹክሹክታ ጠይቀው ተከተሉ። የወንበር መንሸራተትና የእግር ኮቴ ብቻ ነበር የሚሰማው። ካሜራው ያንን ሁሉ ቀረጸ። አዳራሹ ውስጥ የቀረጻው ቡድን፣ ባለሀብቱ፣ ሶፊና እትዬ ዘነበች ብቻ ቀሩ።

«ምን አለች?» አለ ባለሀብቱ መነጽሩን አውልቆ።

«በጣም ደስ ብሎኛል ነው ያለችው» አለ ፍሰሐ። «ባህላቸው ነው፤ ደስ ሲላቸው ውጭ ወጥተው ይጨፍራሉ።»

ባለሀብቱ ወደ በሩ ጆሮውን ሰጠ። ውጭ የሚጨፍር ሰው አልነበረም።

እትዬ ዘነበች ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ፊት መጣች። «እኔ ቃል በቃል ልንገርዎት» አለችው። ነገረችው፤ አንድ ቃል ሳትጨምር። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰምቶ ወደ ፍሰሐ ዞረ።

«ጽሑፉን የጻፈው ማን ነው?»

ፍሰሐ ስለ ታሪክ፣ ስለ ተመልካች አንዳንድ ነገር ማለት ጀመረ። ባለሀብቱ አልጠበቀውም፤ መነጽሩን አድርጎ ሕዝቡ በወጣበት በር ወጣ።

«ምን አደረግኩሽ?» አለኝ ፍሰሐ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሰው ላደርግሽ ነበር እኮ።»

«ሰው አድርጎ ያሳደገኝ አለ» አልኩት። «አንተ ደግሞ የጻፍከውን ብቻ ነው መልሼ ያነበብኩልህ።»

«አንተ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ከበላሁት ማር ሁሉ አፌ ላይ የጣፈጠው ያ ቃል ነው።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጎደሬ ይልጣል። ጫማው ላይ ግን የእርሻ ጭቃ ሳይሆን የከተማ አቧራ ነበረበት።

«ድምፅሽ በአዳራሹ መስኮት ይሰማ ነበር» አለኝ። ከዚያ ሌላ ጎደሬ አንሥቶ፣ «የበሬውን ነገር ግን ባትናገሪው ይሻል ነበር። የሠፈሩ ሰው ከአሁን በኋላ በሬ ሊያውሰኝ ይሽቀዳደማል።» ፈገግ ያለ መሰለኝ። በሁለተኛው እሑድ ፊት ቆሞ መዝሙር መራ።

ነገሬን እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ይለኝ ነበር። ግን በማግስቱ ጠዋት የሆነውን መተው አልችልም።

ሌሊቱን ሳይጠበቅ ዝናብ ጥሎ አደረ። የፍሰሐ መኪና ከከተማው መውጫ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ወሬውን ስሰማ ለማየት ሄድኩ፤ አልዋሽም፣ ለማየት ብቻ። መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ቆሟል። እኔ ከፍ ያለ ቦታ ይዤ ብርቱካን እየላጥኩ መብላት ጀመርኩ፤ በዝግታ፣ ፍሬ በፍሬ። ፍሰሐ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይገፋል። አንዴ ቀና ሲል አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

ከጎኑ በባዶ እግሯ የምትገፋው ሶፊ ነበረች። እሷም አየችኝና ትታው ወደ እኔ ወጣች። ጉንጯ ላይ ጭቃ ነበር።

«እሱ ሌላ ሥራ አያጣም» አለችኝ። አልጮኸችም። «እኔ ግን ለዚህ ብዬ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ሌሎቹም አራቱ እንደዚያው። አንዷ ልጇን እናቷ ጋር ትታ ነው የመጣችው። አስበሽናል?»

አላሰብኳቸውም ነበር። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን። ብርቱካኑን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ተመልሳ ወርዳ መግፋቷን ቀጠለች። አብሬያት ወርጄ መግፋት እችል ነበር። ግን መኪናዋ የእሱ ነበረች፤ ከቆምኩበት አልወረድኩም።

ሾው ሳይታይ ቀረ። ሶፊን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። የአባቷን ስም እንኳን አላውቅም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሁሉ ብጠይቅ የሚያውቃት አላገኘሁም። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው፤ እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ፊት ቆሞ ዘምሯል።

የሬዲዮውን ነገር ለመጋቢያችን ስነግራቸው፣ «እስከ አሁን ይቅር አላልሽውም?» አሉኝ። ከእሳቸው ጋር መዋሸት አልፈልግም፤ አላልኩትም። አሁን በዚህ ዕድሜዬ የሚከነክነኝ እሱ አይደለም። እንዲያውም የሬዲዮው ሳቅ አንድ ነገር አረጋገጠልኝ፤ እሱም የዚያን ቀኑን አዳራሽ አልረሳውም፤ ሊሸፍነው ውሸት መጨመር አስፈልጎታል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። መጋቢው ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

ነገ ከነካሜራው ጂንካ ቢመጣ ያንኑ አዳራሽ እንደገና አስለቅቅበታለሁ። ሶፊን ግን አስቀድሜ በጆሮዋ እነግራታለሁ፤ ከእኛ ጋር አብራ እንድትወጣ።